የቅጠል በል ጢንዚዛዎች ስም ለምን ይቀየራል? በስፋት ለተጋራ አንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙዎች የተቀባበሉት አንድ ጽሑፍ በቅጠል በል ጢንዚዛዎች ሳይንሳዊ ስያሜና ምደባ ላይ ጠንከር ያለ ትችት ሰንዝሯል። ጽሑፉን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ቋንቋው የጠራ ነው፤ ጸሐፊውም ለጉዳዩ ከልብ እንደሚቆረቆሩ ከየአንቀጹ ይነበባል። ሆኖም የደረሱበት መደምደሚያ ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ፤ በብዙ አንባቢ ዘንድም እንደ እውነት እየተወሰደ ስለሆነ ነጥብ በነጥብ መልስ መስጠቱን ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

የጸሐፊው ሐሳብ ባጭሩ ሲቀመጥ እንዲህ ነው። ሳይንሳዊ ስም ጸንቶ መኖር ሲገባው የጢንዚዛዎቹ ስም በየጊዜው ይለዋወጣል፤ ይህም የቀደመው ዕውቀት የተሳሳተ እንደነበር ያሳያልና አሁን ያለው ዝርዝር ባለበት ጸንቶ መዘጋት አለበት። ብዙዎቹ ስሞች እንስሳውን በትክክል ስለማይገልጹ መታረም ይገባቸዋል። የምደባው ወሰን ከባለሙያዎች ፈቃድ የሚመነጭ ነው፤ የጥራጥሬ ነቀዞች የራሳቸው የነበረውን አስተኔ (ተዛማጅ ዝርያዎች የሚሰባሰቡበትን ሰፊ የምደባ ክፍል) ለቀው ወደ ቅጠል በሎቹ መግባታቸው ለዚህ ምስክር ነው። በዓይን የማይለዩ ዝርያዎችን መከፋፈል ለተግባር ሥራ አይጠቅምም፤ ለአርሶ አደሩም ሆነ ለተባይ መከላከል ባለሙያው የተለመደው ስም ይበቃዋል። በመጨረሻም የዲኤንኤ ምርመራ ከመጣ ወዲህ በሙዚየም የተሰኩ ናሙናዎችና የላቲን ስሞች ጊዜያቸው ስላለፈ ለእያንዳንዱ ዝርያ ቁጥር ቢሰጠው ይሻላል ይላሉ።

በእኔ እምነት እነዚህ ሁሉ ከአንድ መደባለቅ የመነጩ ናቸው። ጸሐፊው ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎችን አንድ አድርገዋል፦ በተፈጥሮ ውስጥ ስንት ዝርያ አለ? ዝርያዎቹ በምን ዝምድና ይያያዛሉ? እያንዳንዱስ ምን ተብሎ ይጠራል? ሁለቱ የፊተኞቹ በማስረጃ የሚመለሱ ናቸው፤ ማስረጃ ሲጨምርም መልሳቸው ሊለወጥ ይችላል። የመጨረሻው ግን በደንብ የሚወሰን ነው፤ ደንቡም የተዘጋጀው መልሶቹ ሲለወጡ ስሙ ከተሰጠበት እንስሳ እንዳይነጠል ነው።

ስለ ስም መቀያየር የተነሣውን ነጥብ በድንች ጢንዚዛ እንመልከተው፤ ጸሐፊውም እንደ ምሳሌ የጠቀሱት ይህንኑ ነው። አሜሪካዊው የነፍሳት ተመራማሪ ቶማስ ሴይ በ1824 ይህን ጢንዚዛ ሲገልጸው ዶሪፎራ በተባለው ወገን፣ ማለትም የቅርብ ዘመድ ዝርያዎችን በሚይዝ ቡድን፣ ውስጥ አስቀመጠው። ዶሪፎራ በግሪክኛ ጦር ተሸካሚ እንደ ማለት ሲሆን፣ ስሙ የተሰጠው በደረታቸው ሥር ወደ ፊት የሚወጣ እሾህ ላላቸው ጢንዚዛዎች ነው። የድንቹ ጢንዚዛ ይህ እሾህ የለውም። በኋላ የቅርብ ዘመዶቹ ሲለዩ ሌፕቲኖታርሳ ወደተባለው ወገን ተዛወረና ዛሬ ሌፕቲኖታርሳ ዴሴምሊኔያታ እየተባለ ይጠራል። እዚህ ላይ ምን እንደተለወጠና ምን እንዳልተለወጠ ልብ ይሏል። ዴሴምሊኔያታ፣ ትርጉሙም ባለ ዐሥር መስመር የሆነው የዝርያው ስም፣ ከ1824 ጀምሮ ከዚሁ ጢንዚዛ አልተለየም፤ የተለወጠው የወገኑ ስም ብቻ ነው፤ እሱም የተለወጠው ስለ ዝምድናው የነበረን ዕውቀት ስለታረመ ነው። ለውጡም ተደብቆ አልቀረም። በደንቡ መሠረት የመጀመሪያው ሰያሚ ስምና ዓመት በቅንፍ ከተጻፈ ዝርያው ከተሰየመበት ወገን ወደ ሌላ መዛወሩን ያመለክታል፤ ያለ ቅንፍ ከተጻፈ አልተዛወረም ማለት ነው። አንዲት ቅንፍ የሁለት መቶ ዓመት ታሪክ ተሸክማ ትዞራለች፤ ይህን ያስተዋለ አንባቢ ስለ ተባዩ የተጻፈውን የቆየ ጽሑፍ ለማግኘት አይቸገርም።

ጸሐፊው እንደሚሉት ዝርዝሩ ቢዘጋ ኖሮ ምን ይፈጠር ነበር? ዝርዝሩ በ1850 ተዘግቶ ቢሆን የድንቹ ጢንዚዛ ዛሬም ከእሾሃሞቹ ጋር ተመድቦ ይቀር ነበር፤ ስለ አንዱ የተማርነውንም ለሌላው በስሕተት እንሰጥ ነበር። የምደባ ጥቅሙ ስለ አንድ ዝርያ ስናውቅ ስለ ዘመዶቹ የምንገምተው ነገር መኖሩ ነው፤ ምን ዓይነት ተክል እንደሚበሉ፣ እንቁላላቸውን የት እንደሚጥሉ፣ እጫቸው ምን እንደሚመስል። በስሕተት የተመደበ ዝርያ ይህን ግምት ያሳስታል። ደግሞም ክሪሶሜሊዴ በተባለው የቅጠል በሎቹ አስተኔ ውስጥ እስካሁን ከ35,000 በላይ ዝርያዎች ተገልጸዋል፤ በየዓመቱም አዳዲሶች ይገለጻሉ። እንዲህ እያደገ ያለ ዝርዝር የሚዘጋበት ቀን እንዴት ይመረጣል?

ጸሐፊው ስለ ደንቡ ሲጽፉ ትተውት ያለፉት ነገርም አለ። የእንስሳት ስያሜ ዓለም አቀፍ ደንብ ጽናትን ከማንም በላይ ይፈልጋል። የስያሜው መነሻ የስዊድናዊው የተፈጥሮ ሊቅ የካርል ሊኔየስ መጽሐፍ ዐሥረኛው እትም የወጣበት 1758 እንዲሆን ተወስኗል፤ ከዚያ በፊት የተሰጠ ስም አይታሰብም። ለአንድ ዝርያ ሁለት ስም ተሰጥቶት ከተገኘ ቀድሞ የወጣው ይጸናል። ነገር ግን የቀደመው ስም ከ1899 በኋላ እንደ ትክክለኛ ስም ያልተጠቀሰ ከሆነ፣ የኋለኛው ደግሞ ባለፉት 50 ዓመታት ውስጥ ቢያንስ በ10 ደራሲዎች፣ ቢያንስ በ25 ሥራዎች፣ ከ10 ዓመት ባላነሰ የጊዜ ርዝመት ከተጠቀሰ፣ ደንቡ ሰዎች የለመዱትን ስም ያጸናል። ስለዚህ አንድ ሰው ከአቧራማ መጽሐፍ የተረሳ ስም ቆፍሮ ሁሉም የለመደውን ስም ይሽራል የሚለው የጸሐፊው ስጋት ቢያንስ በዚህ በኩል መልስ ተሰጥቶታል።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው የምሰጠው ነጥብ አለ። የስም ለውጥ አንዳንድ ጊዜ በእርግጥ ያምታታል። በሰሜን አሜሪካ የበቆሎን ሥር የሚያጠቃ አንድ ጢንዚዛ ለረጅም ጊዜ ዲያብሮቲካ ሎንጊኮርኒስ ይባል ነበር። በ1983 ግን በቆሎ የሚያጠቃው ሕዝብ ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑ ታውቆ ዲያብሮቲካ ባርቤሪ ተብሎ ተለየ፤ ሎንጊኮርኒስ የሚለው ስም በቆሎን ለማያጠቃው፣ ከዱር ቅል ተክሎች ጋር ለሚገኘው ዘመዱ ቀረ። ከዚያ ዓመት በፊት ስለ በቆሎ ተባይ የተጻፉ ጽሑፎች ግን የቆየውን ስም ይዘው ይገኛሉ። ይህን የማያውቅ አንባቢ ይሳሳታል። መድኃኒቱ ግን ሁለት እንስሳትን በአንድ ስም መጥራቱን መቀጠል ሊሆን አይችልም፤ ያ ቢደረግ ስሕተቱ ያለፈውን ብቻ ሳይሆን የሚመጣውን ጽሑፍም ሁሉ ያበላሻል።

ስሞቹ እንስሳውን አይገልጹም የሚለው ነጥብ በመረጃ ደረጃ ትክክል ነው። ዲያብሮቲካ ኡንዴሲምፑንክታታ የሚለው ስም ባለ ዐሥራ አንድ ነጥብ ማለት ሲሆን፣ ሃዋርዲ የተባለው ንዑስ ዝርያ በክንፎቹ ሽፋን ላይ ዐሥራ ሁለት ነጥቦች አሉት። ጸሐፊው ይህን ዓይነት ስም እንደ ነውር ቆጥረውታል። እኔ ግን ስም መግለጫ የመሆን ግዴታ አለበት ብዬ አላምንም። ደስታ የተባለ ሰው ቢያዝን ስሙ አይቀየርም። ስም የሚያመለክት ነገር ነው፤ መግለጫው በመጽሐፉ ውስጥ በዝርዝር ተጽፎ ይገኛል። ደንቡም አንድ ስም ትርጉሙ ከእንስሳው ጋር ስላልገጠመ ብቻ ሊሻር እንደማይችል በግልጽ ይደነግጋል። ይህ ድንጋጌ ባይኖር ኖሮ ስሞቹ ምን ያህል ይለዋወጡ እንደነበር መገመት አያዳግትም፦ የነጥብ ቁጥር ከአንዱ ጢንዚዛ ወደ ሌላው ይለያያል፤ ቀለም ናሙናው ሲደርቅ ይጠፋል፤ በአንድ አገር ስም የተሰየመ ዝርያ ሌላ አገር ይገኛል። ጸሐፊው በመጀመሪያው ነጥባቸው ስም አይቀየር ብለው፣ በሁለተኛው ደግሞ የማይገልጽ ስም ሁሉ ይቀየር ማለታቸው እርስ በርሱ የሚጋጭ ነው፤ ሁለቱን በአንድነት ማስፈጸም አይቻልም።

የስሞቹ የፊደል አጻጻፍ ያስቸግራል ብለው ያነሡት ቅሬታ የበለጠ ክብደት አለው። ሴይ የድንቹን ጢንዚዛ ስም መጀመሪያ ያሳተመው ዐሥርን በቁጥር ጽፎ ነው፤ ደንቡ ቁጥሩ በፊደል እንዲጻፍ ስለሚያዝዝ ነው ዛሬ በምናውቀው መልክ የሚጻፈው። እንደ ቁንጫ ከሚዘሉት ጢንዚዛዎች አንዱ ወገን በ1762 አልቲካ ተብሎ ተሰየመ። ቃሉ ከግሪክኛ የመጣና በመነሻው የ«ሀ» ድምፅ ያለው በመሆኑ የኋላ ሊቃውንት ሃልቲካ ብለው አረሙት፤ ለብዙ ዘመንም በዚህ ሲጻፍ ኖረ። ዛሬ የሚሠራበት ግን ሰያሚው መጀመሪያ የጻፈው አልቲካ ነው። የስንዴና የገብስ ቅጠል የሚበላውን ኡሌማ ሜላኖፑስን ደግሞ አንዳንዶች ሜላኖፓ እያሉ ይጽፉታል፤ የወገኑና የዝርያው ስም በሰዋስው ጾታ መስማማት አለባቸው ከሚለው ሕግ ተነሥተው ነው። መልሱ በመጀመሪያው ጽሑፍ ይገኛል። ሊኔየስ በ1758 ይህን ጢንዚዛ የሰየመው ክሪሶሜላ ሜላኖፑስ ብሎ ነበር። ክሪሶሜላ አንስታይ ሆና ሳለ ዝርያውን ሜላኖፑስ ብሎ መተዉ፣ ቃሉን «እግረ ጥቁር» በሚል ትርጉም እንደ ራሱን የቻለ ስም እንጂ እንደ ቅጽል እንዳልወሰደው ያሳያል፤ እንዲህ ያለ ቃል ደግሞ ከጾታ ጋር አይለዋወጥም። ይህን ለመፍታት ላቲንና ግሪክኛ ማወቅ ማስፈለጉን፣ ለብዙ ተመራማሪም ሸክም መሆኑን አልክድም። የጾታ ስምምነት ሕግ ቢቀር የሚጎዳ ነገር አይታየኝም፤ በዚህ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ።

ስለ ላቲን የሞተ ቋንቋነት የጻፉት ግን ብዙ አያከራክርም። ስሞቹ የሁሉም እንዲሆኑ የረዳው ዛሬ ማንም የእኔ ብቻ የማይለው ቋንቋ መሆኑ ነው።

ወደ ጥራጥሬ ነቀዞች ልለፍ። ጸሐፊው የእነዚህን ጢንዚዛዎች ወደ ቅጠል በሎች መግባት እንደ ዋና ማስረጃ አቅርበዋል፤ ክርክሩ የሚበረታውም እዚህ ነው። ለረጅም ዘመን ብሩኪዴ የተባለ የራሳቸው አስተኔ ነበራቸው። ቅጠል አይበሉም፤ እጫቸው በዘር ውስጥ ገብቶ ያድጋል። ስለዚህ «ቅጠል የማይበላ ቅጠል በል» ምን ማለት ነው ሲሉ ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ምደባ የሚሠራው በምግብ ሳይሆን በዝምድና ነው። የእጮቹና የጉልምሶቹ የሰውነት አሠራርም፣ በኋላ የመጣው የዲኤንኤ ማስረጃም፣ ነቀዞቹ በቅጠል በሎቹ የዘር ሐረግ ውስጥ የበቀሉ ቅርንጫፍ መሆናቸውን ያሳያሉ። የቅርብ ዘመዶቻቸው ሳግሪኔ የተባሉት የኋላ ጭናቸው እጅግ የወፈረ ጢንዚዛዎች ናቸው፤ የብዙ ነቀዞች የኋላ ጭንም እንዲሁ ወፍራም ነው። እንዲህ ከሆነ ሳግሪኔን ቅጠል በል ብሎ፣ የሳግሪኔን የቅርብ ዘመድ ነቀዝን ሌላ አስተኔ ማለት፣ የአጎት ልጆችን በቤተሰብ መዝገብ ጽፎ ወንድምን እንደ መፋቅ ነው። አሁን ብሩኪኔ ተብለው በንዑስ አስተኔ ደረጃ ተቀምጠዋል፤ ስማቸው በመጨረሻው ፊደል ብቻ ተለይቶ አብሯቸው ገብቷል።

ይህ የፈቃድ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ እንቅስቃሴው ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ በሆነ ነበር፤ ባለሙያዎቹ አስተኔያቸውን ብቻ ባሰፉ ነበር። የሆነው ግን ከዚህ የተለየ ነው። በአንድ ወቅት ከቅጠል በሎቹ ጋር ይቆጠሩ የነበሩት ሜጋሎፖዲዴና ኦርሶዳክኒዴ ማስረጃው ስላልደገፋቸው ወጥተው የየራሳቸው አስተኔ ሆነዋል። ማስረጃ አንዱን አስገብቶ ሌላውን ሲያስወጣ ማየት ለፈቃድ ሳይሆን ለማስረጃ መገዛትን ያሳያል።

ይሁንና ሁሉም ወሰን ጠርቷል ብዬ ለመሟገት አልችልም። ለምሳሌ ዘላዮቹ ጢንዚዛዎች በኋላ ጭናቸው ውስጥ እንደ ምንጭ ብረት የሚወጠር ጠንካራ አካል አላቸው፤ ይህን ይዘው አልቲኪኔ የተባለ ንዑስ አስተኔ ሆነው ቆይተዋል። ዛሬ ብዙ ባለሙያዎች ጋሌሩኪኔ በተባለው ሰፊ ንዑስ አስተኔ ሥር ያስቀምጧቸዋል፤ ይህ መዝለያ አካል ከአንድ ጊዜ በላይ ተፈጥሮ ሊሆን እንደሚችል የሚጠቁሙ ጥናቶችም ስላሉ በሁለቱ መካከል የሚወላውሉ ወገኖች አሉ። ጸሐፊው «ባለሙያዎቹ እርስ በርስ አይስማሙም» ያሉት እዚህ ላይ እውነት ነው። አለመስማማታቸው ግን በምን ማስረጃ እንደሚፈታ ይታወቃል፤ የሚከራከሩትም ማስረጃውን እየተመለከቱ ነው። ሲዋሐዱ የቱ ስም ይጸናል የሚለው ደግሞ ክርክር የለውም፤ ጋሌሩኪኔ ከ1802 ጀምሮ ያለ፣ ከአልቲኪኔ የቀደመ ስም ስለሆነ ይጸናል።

አሁን ደግሞ ለተግባር ሥራ የተለመደ ስም ይበቃል፣ በዓይን የማይለዩ ዝርያዎችን መከፋፈል አይጠቅምም ወደሚለው ልምጣ። በዚህ ነጥብ ላይ ከጸሐፊው ጋር የምስማማበት ነገር ጥቂት ነው።

በመጀመሪያ የተለመደውን ስም እንመልከት። በአማርኛ ነቀዝ ስንል የስንዴና የበቆሎ ፍሬ የሚቦረቡረውንም፣ ጥራጥሬ የሚቦረቡረውንም እንጠራለን። የእህሉ ነቀዝ ረጅም አፍንጫ ካላቸው ጢንዚዛዎች አስተኔ ነው። እናቲቱ ፍሬውን በአፏ በስታ እንቁላሏን ውስጥ ታኖርና ቀዳዳውን ትደፍነዋለች፤ ጉልምሱም እህል እየበላ ለወራት ይኖራል። ካሎሶብሩኩስ ማኩላቱስ የተባለው የጥራጥሬ ነቀዝ ግን ቅጠል በሎች ውስጥ የተመደበ ነው። እንቁላሉን በፍሬው ላይ ይለጥፋል፤ ጉልምሱ ሳይበላም መራባት ይችላል፤ ዕድሜውም አጭር ነው። አንዱን በእንቁላሉ ከውጭ ማየት ይቻላል፣ ሌላውን አይቻልም። «ነቀዝ» የሚለው ቃል ለቤት ንግግር በቂ ነው፤ ማከማቻ የሚጠብቅ ሰው ግን ይህን ልዩነት ሳያውቅ ምን ሊፈትሽ እንደሚገባው አያውቅም። የድንቹ ጢንዚዛም መስመሮቹን በሚመስል ዘመዱ፣ ሌፕቲኖታርሳ ዩንክታ፣ ይሳሳታል፤ ይኼኛው በዱር የሚበቅሉ የድንች ዘመዶችን ይበላል እንጂ ለድንች እርሻ የሚያሰጋ አይደለም። በመልክ ብቻ የለየ ሰው ለማያሰጋው ጢንዚዛ መድኃኒት ይረጫል።

ዲዮራብዳ የተባለው የጢንዚዛ ወገን ታሪክ ግን ከዚህም ያልፋል፤ ጸሐፊው ቢያውቁት ኖሮ አራተኛውን ነጥባቸውን እንዲህ አድርገው አይጽፉትም ነበር ብዬ አስባለሁ። ከእስያና ከሜዲትራኒያን አካባቢ የመጣ ታማሪክስ የተባለ ቁጥቋጦ በምዕራብ አሜሪካ የወንዝ ዳርቻዎችን ወረረ። በትውልድ አገሩ ቅጠሉን የሚበላ ጢንዚዛ ነበር፤ ዲዮራብዳ ኤሎንጋታ ይባል ነበር። ከዓመታት ምርመራ በኋላ ከቻይናና ከካዛኪስታን የተሰበሰቡ ጢንዚዛዎች በ2001 በሜዳ ተለቀቁ። በሰሜኑ ጥሩ ሠሩ። ከ38 ዲግሪ ኬክሮስ በስተደቡብ ግን በበጋው መሐል መራባታቸውን አቁመው ለክረምት መሸሸግ ጀመሩ፤ በዚያ የበጋው ቀን ከትውልድ ቦታቸው ስለሚያጥር ወቅቱ ያለቀ መሰላቸው። ስለዚህ ከቀርጤስ፣ ከቱኒዚያና ከኡዝቤኪስታን ሌሎች ሕዝቦች መጡ። በዚያን ጊዜ ሁሉም በአንድ ስም ኤሎንጋታ ይባሉ ነበር።

በ2009 በታተመ ሰፊ ጥናት በሙዚየም የተከማቹ ናሙናዎች ተሰብስበው የመራቢያ አካላቸው በማይክሮስኮፕ ሲመረመር አንድ የተባለው ጢንዚዛ አምስት ዝርያ ሆኖ ተገኘ። የቀርጤሱ ኤሎንጋታ ሆኖ ቀረ፤ የቻይናውና የካዛኪስታኑ ካሪኑላታ፣ የኡዝቤኪስታኑ ካሪናታ፣ የቱኒዚያው ሱብሊኔያታ ሆኑ፤ አምስተኛው ሜሪዲዮናሊስ ነው። አምስቱም ሲያዩዋቸው ተመሳሳይ ናቸው፤ የሚስማማቸው የአየር ጠባይና የቀን ርዝመት ግን ይለያያል። ጸሐፊው በዓይን የማይታይ ልዩነት ለተግባር አይጠቅምም ባሉት ቦታ ላይ የማይታየው ልዩነት የአንድን ትልቅ ሥራ ዕጣ ወስኗል። ለፍትሐዊነት መጨመር ያለብኝ የተለቀቀው ካሪኑላታ ራሱ በኋላ ወደ ደቡብ እየሰፋ ሲሄድ ለቀን ርዝመት የሚሰጠው ምላሽ በተፈጥሮ ምርጫ መለወጡ ነው፤ የዝርያ ስም ሁሉን አይነግረንም። ይሁን እንጂ የተለወጠው የትኛው እንደሆነ ማወቅ የተቻለው ዝርያዎቹ ስለተለዩ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ሌላ ነገር ነው። ጥናቱ አምስት ዝርያ ሲለይ አንድም አዲስ ስም መፍጠር አላስፈለገውም። ኤሎንጋታ በ1832፣ ካሪናታ በ1837፣ ሱብሊኔያታ በ1849፣ ካሪኑላታ በ1870፣ ሜሪዲዮናሊስ በ1973 የተሰጡ ስሞች ነበሩ፤ ዝርያዎቹ አንድ ናቸው በተባለ ጊዜ ስሞቹ ከሥራ ውጭ ሆነው ቆዩ እንጂ አልጠፉም። ማስረጃው ሲመጣ እያንዳንዱ ወደ ባለቤቱ ተመለሰ። ጸሐፊው ዝባዝንኬ ያሉት የስያሜ ሥርዓት ለ177 ዓመት አደራ ጠብቋል።

ለመሆኑ እያንዳንዱ ስም ወደ ባለቤቱ የተመለሰው በምንድን ነው? ይህ ጥያቄ ወደ መጨረሻው ነጥብ፣ ወደ ዲኤንኤና ቁጥር፣ ያደርሰናል። አንድ ዝርያ ሲሰየም ስሙ ከአንድ ናሙና ጋር ይታሰራል፤ ናሙናውም ስም ተሸካሚ ይሆናል። ስለ ዝርያው ወሰን ያለን አስተያየት ቢሰፋም ቢጠብም ስሙ ያ ናሙና ያለበትን ዝርያ ተከትሎ ይሄዳል። ናሙናው ቢጠፋና ማምታታት ቢፈጠር ምትክ የሚሰየምበት ሥርዓት አለ። ዲኤንኤ ይህን አይተካም። ከሜዳ የተያዘ ጢንዚዛ ዲኤንኤው ቢነበብ ከሌላ ጢንዚዛ ጋር መመሳሰሉን ወይም መለያየቱን ይነግረናል፤ በ1837 ካሪናታ የተባለው የትኛው እንደሆነ ግን የሚነግረን ያ የተሰካ ናሙና ነው።

ዲኤንኤ ለዘርፉ ያመጣውን ጥቅም ማንም አያስተባብልም፤ ለመለየት በብዛት የሚነበበው ወደ 650 ፊደል የሚጠጋ የማይቶኮንድሪያ (በሕዋስ ውስጥ ኃይል የሚያመነጭ፣ የራሱ ዲኤንኤ ያለው አካል) ቅንጣቢ ብዙ የተሰወሩ ዝርያዎችን አሳይቶናል፤ እጭን ከጉልምሱ ጋር ለማገናኘትም ወደር የለውም። ነገር ግን ማይቶኮንድሪያ የሚወረሰው ከእናት ብቻ ነው፤ በቅጠል በሎች ውስጥ ደግሞ ይህ ትልቅ እንቅፋት የሆነባቸው ሁለት ምሳሌዎች አሉ። በአልቲካ ወገን ውስጥ ወልባኪያ የተባለ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ባክቴሪያ ሲስፋፋ የተሸካሚዋን ማይቶኮንድሪያ አብሮ ያስፋፋል፤ በዚህም የተነሣ በመራቢያ አካላቸው የሚለዩ ዝርያዎች ተመሳሳይ ቅንጣቢ ይዘው ይገኛሉ። በካሊግራፋ ወገን ደግሞ ሴት ብቻ የሆኑ፣ ያለ ወንድ የሚራቡ፣ ከሁለት ዝርያዎች መዳቀል የተገኙ ዝርያዎች አሉ፤ የእነዚህ ማይቶኮንድሪያ የሚናገረው ስለ አያታቸው እናት ብቻ ነው። ቅንጣቢውን ብቻ አንብቦ ቁጥር የሚሰጥ ሰው የመጀመሪያዎቹን ብዙዎች አንድ ይላቸዋል፤ የሁለተኛዎቹንም ማንነት ይስታል።

ቁጥሩም ቢሆን ጸሐፊው ተስፋ ያደረጉበትን ጽናት አይሰጥም። በዲኤንኤ መመሳሰል ብቻ ቡድን እየመሠረተ ለእያንዳንዱ ቁጥር የሚሰጥ ሥርዓት ከ2013 ጀምሮ አለ፤ ለምርምርም ይጠቅማል። አዳዲስ ናሙናዎች ሲገቡ ግን ሁለቱ ቡድን አንድ ይሆናል፣ አንዱም ለሁለት ይከፈላል፤ ከዚያ ጋር ቁጥሮቹ ይለወጣሉ። ስሞች የሚለወጡበት ምክንያት ቁጥሮችንም ይለውጣል፤ ምክንያቱ ዕውቀት መጨመሩ ነውና።

ጸሐፊው እኔም ብሆን የምደግፈው ለውጥ ቢፈልጉ ሌላ ቦታ ይገኛል። ስለ ጢንዚዛ ተባዮች የሚጻፉ ብዙ የተግባር ጽሑፎች የዝርያውን ስም ያለ ሰያሚና ያለ ዓመት ይጠቅሳሉ፤ ማን እንደለየውም አይናገሩም፤ ምርመራው የተደረገባቸውን ጢንዚዛዎችም ከሥራው በኋላ ይጥሏቸዋል። ከ1983 በፊት ሎንጊኮርኒስ ተብሎ የተጻፈ አንድ የመስክ ጥናት በእርግጥ ስለየትኛው ጢንዚዛ እንደሆነ ዛሬ ለማወቅ ብንፈልግ፣ ተመራማሪው ጥቂት ናሙናዎች ሰክቶ በሙዚየም ካስቀመጠ ሳጥኑን ከፍተን እናያለን። ካላስቀመጠ በተክሉና በቦታው ከመገመት ሌላ መንገድ የለንም፤ ጥናቱ የተሠራው ሁለቱ ዝርያዎች አብረው በሚገኙበት ቦታ ከሆነም ግምቱ ራሱ አያስተማምንም።